ኩላሊት፣ ጉበት፣ ልብ መስጠትና መቀበል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አካል መስጠትም መቀበልም ሰው ለሊት ተነስቶ ስልኩ ላይ ሚፈልገው፣ ቀን ላይ ግን ለመጠየቅ ሚፈራው ነገር ነው። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከታማሚዎች፣ ከአስታማሚዎች፣ እንዲሁም ልስጥ አልስጥ እያሉ ከሚያመነቱ ሰዎች በተደጋጋሚ ሚነሱ ናቸው። መልሶቹ የሀኪም ምክርን አይተኩም፣ ግን ሀኪም ጋር ስትቀርቡ ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ይረዷችኋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ንቅለ ተከላ ምንድነው፣ የትኞቹ አካላትስ ናቸው ሚተከሉት?

ስራ ያቆመ ወይም ሊያቆም የደረሰ አካል በሌላ ሰው ጤነኛ አካል ይተካል ማለት ነው። ኩላሊት፣ ጉበት፣ ልብ፣ ሳንባ፣ ቆሽትና ትንሹ አንጀት ይተከላሉ፣ በብዛት ሚሰራው የኩላሊት ነው። ከዛ ደግሞ ቲሹ ሚባሉት አሉ፣ የአይን ብሌን፣ ቆዳ፣ አጥንት፣ ጅማት፣ የልብ ቫልቭ። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ አካሉ እስከ 8 ሰው ከሞት ሊያተርፍ ይችላል፣ ቲሹው ሲጨመር ደግሞ ሚጠቀመው ሰው በጣም ይበዛል። በ2023 በአለም ዙሪያ ከ170,000 በላይ ንቅለ ተከላ ተሰርቷል፣ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል ግን የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሚያስፈልገው 10 በመቶውን እንኳን አይሸፍንም። ሆስፒታልና ባለሙያ ማነሱ አንዱ ምክንያት ነው፣ ሌላው ግን ሰጪ መጥፋቱ ነው፣ ሰጪ ሚጠፋው ደግሞ እኔ እንደማየው ሰው ስለጨከነ ሳይሆን ነገሩ በጤና ጊዜ ቤት ውስጥ ተነስቶ ስለማያውቅ ነው።

አሁንም ሙከራ ላይ ነው ወይስ የቆየ ህክምና ነው?

ቆይቷል። ኤድዋርድ ዚርም ሚባል የአይን ሀኪም በ1905 የአይን ብሌን ተክሎ ታማሚው ማየት ችሏል። የውስጥ አካል ላይ ግን ብዙ ሙከራ ከሽፏል፣ ምክንያቱም ሰውነት የሌላ ሰው አካል ሲገባበት ይዋጋዋል። በዲሴምበር 1954 ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሪ ሚባል ሀኪም ከሮናልድ ሄሪክ አንድ ኩላሊት ወስዶ ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከለለት፣ ሁለቱ ፍፁም አንድ አይነት መንትዮች ስለነበሩ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዳ አላየውም፣ ተቀበለው። ሪቻርድ ለመሞት ጥቂት የቀረው ሰው ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን ሆስፒታል ካስታመመችው ነርስ ጋር ተጋብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ 8 ዓመት ኖሯል። ሰጪው ሮናልድ ደግሞ በአንድ ኩላሊት እስከ 2010 ቆይቶ በ79 ዓመቱ ነው ያረፈው። ሰው ስለ ኩላሊት መስጠት ሲጠይቀኝ ቀድሞ ትዝ ሚለኝ ይሄ ሰጪው ወንድም ነው።

በ1967 ኬፕታውን ላይ ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ሰራ፣ ታማሚው 18 ቀን ኖሮ በሳንባ ኢንፌክሽን ሞተ። ልቡ እስከመጨረሻው እየሰራ ነበር፣ የገደለው ሰውነቱ ልቡን እንዳይዋጋ ተብሎ መከላከያው በጣም በመዳከሙ ኢንፌክሽኑን መቋቋም አለመቻሉ ነው። ነገሩን የቀየረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስራ ላይ የዋለው ሳይክሎስፖሪን ሚባለው መድሃኒት ነው፣ ከአፈር ውስጥ ከተገኘ ፈንገስ የመጣ ነው፣ ከሱ በኋላ ነው ጉበትም ልብም ሳንባም መትከል መደበኛ ህክምና የሆነው።

ዳያሊሲስ እያለ ኩላሊት መቀየር ለምን አስፈለገ?

ዳያሊሲስ፣ ማለትም ደምን በማሽን ማጣራት፣ ህይወት ያቆያል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን ጤነኛ ኩላሊት ቀንና ለሊት ሚሰራውን ስራ ማሽኑ ባብዛኛው በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ለ4 ሰዓት ያህል ተጨናንቆ ነው ሚሰራው፣ ስለዚ ሚሸፍነው የጤነኛ ኩላሊትን ስራ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። በመሀል ያሉት ቀናት ቆሻሻውም ውሃውም ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ታማሚው ሚጠጣውን ውሃ ይለካል፣ ጨውና ፖታሲየም ያለበትን ምግብ ይፈራል፣ ከማሽኑ ሲወርድ ደክሞት የቀኑን ግማሽ ተኝቶ ያሳልፋል፣ ርቆ መሄድ አይችልም፣ ስራ ያቋርጣል፣ ሴቶች የወር አበባቸው ሊቋረጥ ይችላል፣ ወንዶችም ሚቸገሩበት ነገር አለ ግን ብዙ ጊዜ ለሀኪም እንኳን አይናገሩትም።

አዲስ ኩላሊት ገብቶ ስራ ሲጀምር መጀመሪያ ሚታየው ሽንት ነው። ለዓመታት ሽንት ያልሸና ሰው ከረጢቱ ሲሞላ አይቶ ያለቅሳል፣ ቤተሰቡም አብሮ ያለቅሳል፣ ይሄ ያልደረሰበት ሰው ላይገባው ይችላል። ከዛ ደሙ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ኩላሊት ደም እንዲመረት ሚያዝ ሆርሞን ያመነጫል፣ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ አፍ ውስጥ የነበረው የብረት ጣዕም ይጠፋል፣ ሰው ውሃ እስኪረካ ይጠጣል። በአማካይ ደግሞ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ዳያሊሲስ ላይ ከቀረው ሰው የበለጠ እድሜ ይኖራል። ከተቻለ ዳያሊሲስ ሳይጀመር ወይም በተጀመረ በቅርቡ ቢሰራ ውጤቱ የተሻለ ነው፣ ስለዚ ኩላሊታችሁ እየደከመ ነው ከተባላችሁ ማሽን ላይ እስክትወጡ አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ሀኪማችሁን ስለ ንቅለ ተከላ ጠይቁት።

አንድ ኩላሊቴን ሰጥቼ በሰላም መኖር እችላለሁ?

አዎ፣ በደንብ ተመርምሮ የተፈቀደለት ሰው ይችላል። የቀረችው ኩላሊት ስራዋን ታሳድጋለች፣ በመጠንም ትንሽ ትተልቃለች፣ አብዛኛው ሰጪ እንደ ድሮው ይሰራል፣ ስፖርት ይሰራል፣ ይወልዳል። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ማውጣት ስለተጀመረ ድሮ እንደነበረው ጎን ሙሉ መቀደድ ባብዛኛው ቀርቷል፣ ሰጪው ባብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሆስፒታል ይወጣል፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ወደ ስራው ይመለሳል፣ ከባድ ነገር ሚያነሳ ሰው ትንሽ ይቆያል።

አደጋ የለውም ብሎ ሚነግራችሁን ሰው ግን አትመኑ። በኦፕሬሽኑ ምክንያት ሚሞት ሰጪ ከ10,000 ሰው ወደ 3 ገደማ ነው፣ በጣም ትንሽ ነው ግን ዜሮ አይደለም። በኋለኛው እድሜ ራሱ ሰጪው ኩላሊቱ ሚደክምበት እድል ካልሰጠ ተመሳሳይ ጤነኛ ሰው ጋር ሲነፃፀር ትንሽ ከፍ ይላል፣ እንደዛም ሆኖ ከ100 ሰው ከ1 በታች ነው። ሴት ሰጪዎች ላይ በኋላ በሚያረግዙበት ጊዜ የደም ግፊት ሚነሳበት እድል ይጨምራል፣ ስለዚ መውለድ ያላቆመች ሴት ይሄን አውቃ ነው መወሰን ያለባት። ስኳር ያለበት፣ ያልተስተካከለ ግፊት ያለበት ሰው ባብዛኛው አይፈቀድለትም። ከሰጡ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ግፊትና የኩላሊት ምርመራ ማድረግ ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት፣ ብዙ ሰጪ ጤነኛ ነኝ እያለ እሱን ይረሳል።

ሌላም ማንም ማይናገረው ነገር አለ። ከኦፕሬሽኑ በፊት ሁሉም ሰው ሰጪውን ያመሰግናል፣ ካለቀ በኋላ የሁሉም ሰው አይን ተቀባዩ ላይ ይሆናል፣ ሰጪው ቁስሉን ይዞ ብቻውን ይቀራል፣ አንዳንዱ ላይ ድባቴ ይመጣል። እባካችሁ ሰጪውንም ጠይቁት፣ በልታለች ወይ፣ ተኝቷል ወይ በሉ።

ጉበት አንድ ብቻ አይደል እንዴ፣ እንዴት ከህያው ሰው ይሰጣል?

ጉበት ተቆርጦ ያድጋል። ለአዋቂ ሚሰጥ ከሆነ እስከ 60 በመቶ ገደማ ሊወሰድ ይችላል፣ ለህፃን ከሆነ ግን በግራ በኩል ያለው ትንሽ ክፍል ይበቃል፣ ለዛ ነው እናት ወይ አባት ለህፃን ልጃቸው ሚሰጡት። ሰጪው ጋር የቀረውም ተቀባዩ ጋር የሄደውም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሙሉ መጠኑ ይጠጋል። ኦፕሬሽኑ ግን ከኩላሊት ይከብዳል፣ አደጋውም ከፍ ይላል፣ ማገገሚያውም ይረዝማል፣ ይሄ በግልፅ መነገር አለበት።

ልሰጠው ፈልጌ ደማችን ባይገጥምስ?

መጀመሪያ ሚታየው የደም አይነት ነው፣ ኦ የሆነ ሰው ለሁሉም ሊሰጥ ይችላል፣ ኤቢ የሆነ ከሁሉም ይቀበላል፣ ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ሚባለው ለአካል ንቅለ ተከላ ብዙም አያሳስብም። ቀጥሎ የቲሹ ምርመራ አለ፣ በመጨረሻ ደግሞ ክሮስ ማች ሚባለው፣ የተቀባዩ ደም ከሰጪው ሴሎች ጋር ተገናኝቶ ይጣላል ወይ አይጣላም ሚለው ይታያል። ብዙ ደም የተሰጠው፣ ያረገዘች፣ ወይም ከዚህ በፊት ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ደሙ ውስጥ የሌላ ሰው ሴል ሚዋጉ ፀረ አካላት ሊኖሩ ስለሚችሉ ሚገጥመው ሰው ማግኘት ይከብደዋል።

ካልገጠመ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ልውውጥ ሚባል መንገድ አለ፣ የኔ ኩላሊት ለወንድሜ ካልሆነ ግን ለእናንተ እህት ከሆነ፣ የእናንተ ደግሞ ለወንድሜ ከሆነ፣ እኛ ለእናንተ እናንተ ለኛ ትሰጣላችሁ። በ1991 ኮሪያ ውስጥ ነው የተጀመረው፣ አሁን ብዙ ጥንዶችን በሰንሰለት ሚያገናኝ ሆኗል፣ ይሄን የማገናኘት ዘዴ ካዳበሩት አንዱ አልቪን ሮዝ ሚባል ኢኮኖሚስት ሲሆን በ2012 በዚህ አይነቱ የማዛመድ ጥናት የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የደም አይነት ሳይገጥም ፀረ አካላቱን አጥቦ ሚተክሉበት ህክምናም አለ፣ በሁሉም ቦታ ግን አይሰራም።

ቤተሰቤ ስጥ እያለኝ ነው፣ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ?

መፍራት መብትህ ነው፣ አንቺም እንደዛው። ምርመራው ላይ ለብቻህ ሚያናግርህ ሰው አለ፣ የታማሚው ሀኪም ያልሆነ፣ የአንተን ጥቅም ብቻ ሚያይ። ለሱ በግልፅ አልፈልግም ካልከው ለቤተሰቡ ዝርዝር አይነገርም፣ ለመስጠት አይሆንም ተብሎ ብቻ ይታለፋል፣ ጥሩ የሆኑ ማእከሎች እንደዚህ ነው ሚሰሩት። ወደ ኦፕሬሽን ክፍል እየተገፋህ እንኳን ቢሆን ሀሳብ መቀየር ይቻላል። በግፊት የተሰጠ ኩላሊት በኋላ ወንድማማች ያጣላል፣ ስለዚ አስታማሚዎች እባካችሁ ሰው በእንባ አታስገድዱ።

ለጋሽ ነኝ ብዬ ከተመዘገብኩ ሀኪሞች ሳይሞክሩልኝ ይተዉኛል?

ከሁሉም በላይ ሚፈራው ይሄ ነው፣ ፍርሃቱም ይገባኛል። አሰራሩ ግን እንዲህ ነው፤ እናንተን ሚያክመው ቡድንና የንቅለ ተከላው ቡድን የተለያዩ ናቸው፣ መሞታችሁን ሚወስኑት ሀኪሞች ከንቅለ ተከላው ጋር ምንም ግንኙነት ሊኖራቸው አይፈቀድም። ደግሞም አካል ለመስጠት ሰውየው እስከመጨረሻው በደንብ የታከመ መሆን አለበት፣ ያልታከመ ሰው አካሉም ተጎድቶ ነው ሚገኘው።

ልቡ እየመታ እንዴት ሞቷል ይባላል?

ይሄ ቤተሰብን ሚያሰቃይ ጥያቄ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ኮማ ውስጥ ያለ ሰው አእምሮው ተጎድቷል ግን ደም እየደረሰው ነው፣ ሊነቃም ይችላል። የአንጎል ሞት ሚባለው ሌላ ነገር ነው፣ አንጎል ከነግንዱ ሙሉ በሙሉና ላይመለስ ስራ አቁሟል ማለት ነው። ልብ ግን የራሱ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ስላለው ቬንቲሌተሩ፣ ማለትም መተንፈሻ ማሽኑ፣ ኦክስጅን እስከሰጠው ድረስ ለተወሰነ ጊዜ መምታቱን ይቀጥላል፣ ደረቱ ሚነሳውና ሚወርደው በማሽኑ ነው፣ እጁ ሚሞቀውም በዚሁ ነው። እናት የልጇን የሞቀ እጅ ይዛ ሞቷል ሲሏት አላምንም ብትል ማን ይፈርድባታል።

ለዚህ ነው ምርመራው ጥብቅ የሆነው። አይኑ ላይ መብራት ይበራል፣ ብሌኑ ይነካል፣ ጉሮሮው ይነካል ያስለዋል ወይ ተብሎ፣ ጆሮው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይደረጋል አይኑ ይንቀሳቀሳል ወይ ተብሎ፣ መጨረሻ ላይ ኦክስጅን እየተሰጠው ማሽኑ ይቆምና በራሱ ለመተንፈስ ይሞክራል ወይ ሚለው ይታያል። ከዛ በፊት ደግሞ ማደንዘዣ፣ የሰውነት መቀዝቀዝ፣ መመረዝ እንዳያሳስት ይጣራል። በብዙ ቦታ ከአንድ በላይ ሀኪም ነው ሚያረጋግጠው። ይሄ መስፈርት መልክ መያዝ የጀመረው በ1968 በሃርቫርድ የተቋቋመ ኮሚቴ ካወጣው ሪፖርት በኋላ ነው። ቤተሰብ ምርመራው ሲሰራ ቆሞ ማየት እፈልጋለሁ ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ ብዙ ሀኪም ይፈቅዳል፣ እኔም ጠይቁ ነው ምለው፣ ያየ ሰው በኋላ ሚያሳድደው ጥርጣሬ ይቀንስለታል።

አስከሬኑ ይበላሻል? ሀይማኖትስ ይፈቅዳል?

አካሉ ሚወጣው እንደማንኛውም ኦፕሬሽን በክብር ነው፣ ተሰፍቶ ይዘጋል፣ ልብስ ሲለብስ ምንም አይታይም፣ ብሌን የሰጠ ሰው አይኑ ተከድኖ እንደተኛ ነው ሚመስለው። ስንብትም ቀብርም ባለበት ይቀጥላል፣ ምናልባት የተወሰነ ሰዓት ይዘገያል። ሀይማኖት ላይ፣ ጳጳስ ዮሃንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2000 በንቅለ ተከላ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ተገኝተው በፈቃድ የተሰጠ አካልን የፍቅር ስራ አድርገው ተናግረዋል፣ አለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም በ1988 ጅዳ ላይ ፈቃድ እስካለና ሽያጭ እስከሌለበት ድረስ ይቻላል ብሎ ወስኗል። የራሳችሁን የሀይማኖት አባት ጠይቁ፣ ግን በጤናችሁ ጊዜ ጠይቁ።

አርጅቻለሁ፣ ግፊትም አለብኝ፣ የኔ ምን ይረባል?

ራሳችሁን በራሳችሁ አትሰርዙ። በ80ዎቹ እድሜ ካሉ ሰዎች የተሰጠ ጉበት ሰው አድኗል፣ ቅርብ ሩቅ ማያይ ሰው ብሌኑ ለሌላ ይሆናል። የተሰራጨ ካንሰርና አንዳንድ ኢንፌክሽን ይከለክላሉ፣ ኤችአይቪ ያለበት ሰው እንኳን ግን ኤችአይቪ ላለበት ሰው ኩላሊት መስጠት እንደሚችል ከ2008 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተግባር ታይቷል። ሚሆነውን ማይሆነውን ሚለዩት በሰዓቱ ያሉት ሀኪሞች ናቸው።

አካሉ ለማን እንደሚደርስ ማን ይወስናል? ሀብታም አይቀድምም?

የተደራጀ ስርዓት ባለበት የተጠባባቂዎች መዝገብ አለ፣ ኮምፒውተሩ ሚያየው የደም አይነት፣ የቲሹ መግጠም፣ የሰውነት መጠን፣ የህመሙ ክብደት፣ የጠበቀበት ጊዜና ርቀት ነው። ጉበት ላይ ለምሳሌ በደም ምርመራ ሚሰላ ነጥብ አለ፣ ቢሊሩቢን፣ የደም መርጋት፣ ክሬያቲኒን ተደምሮ ለሞት ማን እንደቀረበ ይታያል፣ የባሰበት ይቀድማል። ርቀቱ ሚታየው ሰዓት ስለሚገድብ ነው፣ ልብና ሳንባ ከወጡ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ጉበት እስከ 12 ሰዓት ገደማ፣ ኩላሊት ደግሞ ከ24 እስከ 36 ሰዓት በበረዶ ሊቆዩ ይችላሉ። ለዛ ነው ተራ ሚጠብቅ ሰው ስልኩን መዝጋት የሌለበት፣ ለሊት 9 ሰዓት ላይ ሊደወል ይችላል። ተጠርቶ ሄዶ አይሆንም ተብሎ ሚመለስም አለ፣ አካሉ ሲታይ ጥሩ ካልሆነ ይቀራል፣ ልብ ይሰብራል ግን ለራሱ ለታማሚው ተብሎ ነው።

ኩላሊት መሸጥ ወይ መግዛትስ?

አይሆንም። ከኢራን በስተቀር በሁሉም ሀገር ማለት ይቻላል ወንጀል ነው፣ የ2008ቱ የኢስታንቡል መግለጫም የአካል ንግድንና ለሱ ሚደረግ ጉዞን አውግዟል። ሚሸጠው ድሃ ነው፣ በደላላ ተታሎ ከተባለው ገንዘብ ትንሹን ይቀበላል፣ ክትትል አያገኝም፣ ከዛ ከባድ ስራ መስራት ያቅተዋል፣ እዳውም ይመለሳል። ሚገዛውም ያልተመረመረ ሰው ኩላሊት ተቀብሎ ሄፓታይተስ ወይ ሌላ ኢንፌክሽን ይዞ ሚመለስ ብዙ ነው። ሰው ልጁ እየሞተበት ሲሆን ምን ያህል እንደሚጨነቅ አውቃለሁ፣ ቢሆንም በዚህ መንገድ አትሂዱ።

ከንቅለ ተከላው በኋላ መድሃኒቱ እስከመቼ ነው?

አካሉ እስካለ ድረስ፣ ማለትም እድሜ ልክ። ሰውነታችን ውስጥ ያለው መከላከያ እንደ ታማኝ ዘበኛ ነው፣ ማያውቀውን ሰው ጌታው ራሱ ጋብዞት ቢገባ እንኳን ይጮህበታል፣ ስንት ዓመት ቢቆይም አይላመደውም። መድሃኒቶቹ፣ ባብዛኛው ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን፣ እሱን ያረጋጋሉ። ባብዛኛው በየ12 ሰዓቱ፣ ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት ነው ሚወሰዱት፣ ሁለት ቀን መዝለል እንኳን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ሰው ሚያቆመው መቼ መሰላችሁ፣ ሲሻለው ነው። በተለይ ወጣቶች ላይ ይሄ በጣም ያሳዝናል፣ ልጅ እያለ እናቱ እየሰጠችው ቆይቶ 17፣ 18 ዓመት ሲሞላው ራሱ ይረከባል፣ ጓደኞቹ ፊት መዋጥ ያፍራል፣ ፊቱ በመድሃኒቱ አብጦ ይጠላዋል፣ ይዘላል፣ ለተወሰነ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ከዛ አንድ ቀን ኩላሊቱ ቆሞ ይገኛል። ወላጆች መድሃኒቱን ድንገት ጥላችሁለት አትውጡ፣ አላርም አስሞሉት፣ አብራችሁ ቁጠሩ፣ አትቆጡት።

የጎንዮሽ ጉዳት አላቸው፣ እጅ ማንቀጥቀጥ፣ ግፊት፣ ስኳር መነሳት፣ ኢንፌክሽን፣ በዓመታት ውስጥ ደግሞ የቆዳ ካንሰር፣ ስለዚ ፀሀይ መከላከል ያስፈልጋል። ግሬፕፍሩት ሚባለው ፍሬ የመድሃኒቱን መጠን ደም ውስጥ ስለሚያንረው አይበላም፣ ማንኛውም የቅጠላ ቅጠል መድሃኒትም ሳይጠየቅ አይወሰድም፣ ህያው ተህዋስ ያለባቸው ክትባቶችም ባብዛኛው አይሰጡም። ትኩሳት ከመጣ ነገ እንይ አይባልም፣ ያኑ እለት ነው ሚደወለው።

ሰውነቴ ቢጥለውስ? እንዴት አውቃለሁ?

ሪጀክሽን፣ ማለትም ሰውነት አካሉን ሲዋጋው፣ መጀመሪያ ላይ ባብዛኛው ምንም ምልክት የለውም፣ ኩላሊት ማጣራት የነበረበት ክሬያቲኒን ሚባለው ቆሻሻ ደም ውስጥ ከፍ ሲል ነው ሚታየው፣ ለዛ ነው ቀጠሮ መዝለል አደገኛ ሚሆነው። ሽንት መቀነስ፣ ማበጥ፣ የተተከለበት ቦታ ላይ ህመም ሲመጣ ቆይቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በመድሃኒት ይመለሳል። በአማካይ ከህያው ሰው የተገኘ ኩላሊት ከ15 እስከ 20 ዓመት ይቆያል፣ ከሞተ ሰው የተገኘው ትንሽ ያንሳል፣ ከዚህም በጣም ሚበልጥ አለ። ካቆመ ወደ ዳያሊሲስ ተመልሶ ሁለተኛ ንቅለ ተከላ መጠበቅ ይቻላል፣ ሀፍረት ሊሰማችሁ አይገባም፣ አባከንኩት ብላችሁም ራሳችሁን አትቅጡ። በነገራችን ላይ የድሮዎቹ ኩላሊቶች ባብዛኛው አይወጡም፣ አዲሱ ከሆድ በታች በጎን በኩል ነው ሚቀመጠው፣ ስለዚ በእጅ ሲዳሰስ ይገኛል።

መውለድ ይቻላል?

ይቻላል። ኤዲት ሄልም ሚባሉ ሴት በ1956 ከመንትያ እህታቸው ኩላሊት ተቀብለው በ1958 ወልደዋል፣ ከዛም ከ50 ዓመት በላይ ኖረዋል። ባብዛኛው ቢያንስ 1 ዓመት ቆይቶ፣ አካሉ ሲረጋጋ ነው ሚመከረው። ማይኮፌኖሌት ፅንስ ስለሚጎዳ ከማርገዝ በፊት ቢያንስ 6 ሳምንት ቀድሞ በሌላ መቀየር አለበት፣ በራሳችሁ አታቋርጡት፣ ሀኪም ነው ሚቀይረው። በ2014 ደግሞ ስዊድን ውስጥ ማህፀን የተተከለላት ሴት ወልዳለች።

የሌላ ሰው ልብ ሲገባ ባህሪ ይቀየራል?

ፍቅርም ትዝታም ያለው አንጎል ውስጥ ነው። ሚቀየረው ሌላ ነገር ነው፣ ሲተከል ነርቮቹ ስለሚቆረጡ ልቡ ቁጭ ባለበት እንኳን ፈጠን ይላል፣ በደቂቃ ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል፣ ሲሮጥ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ሲያርፍም ቀስ ብሎ ይወርዳል። የልብ ደም ስር ሲዘጋም የደረት ህመም ላይሰማ ይችላል፣ ስለዚ ምርመራ አይቀርም። እንዲህም ሆኖ ሰዎቹ ይሮጣሉ፣ ከ1978 ጀምሮ የንቅለ ተከላ ሰዎች ብቻ ሚወዳደሩበት አለም አቀፍ ጨዋታ አለ።

ሌላ ሰው ሞቶ እኔ ዳንኩ፣ ይሄ ሀሳብ አላስተኛ አለኝ።

ብዙ ተቀባይ ይሄን ይሸከማል፣ ተራ ሲጠብቅ ስልክ እንዲደወል መመኘቱ ራሱ የሰው ሞት መመኘት መስሎት ይቆጨዋል። ሰውየው የሞተው በራሱ አደጋ ወይ በሽታ ነው፣ እናንተ ባትኖሩም ይሞት ነበር። ብዙ ቦታ ስም ሳይጠቀስ በማእከሉ በኩል ለቤተሰቡ ደብዳቤ መፃፍ ይቻላል፣ ምን ብዬ ብላችሁ አትጨነቁ፣ አሁን ምን መስራት እንደቻላችሁ ብቻ ፃፉ። ልጄን ትምህርት ቤት አደረስኩ ሚል አንድ መስመር ይበቃቸዋል። መልስ ላይመጣ ይችላል፣ ሀዘናቸው ስላልበረደ ነው።

ለሰጪው ቤተሰብስ ምን ይቀርለታል?

ሀዘኑ አይቀንስም፣ ይቀንሳል ብዬ አልዋሽም። በ1994 ኒኮላስ ግሪን ሚባል የ7 ዓመት አሜሪካዊ ህፃን ከቤተሰቡ ጋር ጣልያን ሲጎበኝ ሽፍቶች መኪናቸው ላይ ተኩሰው ገደሉት። ወላጆቹ ልጃቸው በተገደለበት ሀገር ላሉ ሰዎች አካሉን ሰጡ፣ 5ቱ የውስጥ አካል 2ቱ የአይን ብሌን ተቀበሉ። አንዷ በጉበት በሽታ ራሷን ስታ የነበረች የ19 ዓመት ወጣት ነበረች፣ ድና፣ አግብታ፣ ወንድ ልጅ ስትወልድ ኒኮላስ አለችው። በቀጣዮቹ 10 ዓመታት ጣልያን ውስጥ ሚሰጠው ሰው ቁጥር 3 እጥፍ ሆነ። ብዙ የሰጡ ቤተሰቦች በዛ ትርጉም ባጣ ቀን አንድ ትርጉም ያለው ነገር ይሄ ነበር ይላሉ።

የአሳማ ኩላሊት ተተከለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ጂናቸው ከተስተካከለ አሳማዎች ነው። በ2022 ልብ፣ በ2024 ኩላሊት ለህያው ሰው ተተክሏል፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ወደ 2 ወር ገደማ ነው የኖሩት፣ ጥናቱ እየቀጠለ ነው። ተስፋ አለው፣ ግን ዛሬ ለታመመ ሰው መልሱ ገና የሰው አካል ነው።

መስጠት ፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ከሞት በኋላ ከሆነ በምትኖሩበት ሀገር መዝገብ ካለ ተመዝገቡ፣ ይኑርም አይኑርም ግን ለቤተሰብ ተናገሩ፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ የፅኑ ህሙማን ክፍል (አይሲዩ) በር ላይ ሚጠየቁት እነሱ ናቸው። በግምት እንዲወስኑ አትተዉላቸው፣ ቁርጥ ያለ ነገር ንገሯቸው፣ ሁሉንም ልስጥ ወይስ አይኔ ይቅር ሚለውን ጭምር። ስፔን ህጓ እምቢ ያላለ ሁሉ ሰጪ ነው ቢልም ሁሌም ቤተሰብ ይጠየቃል፣ በአለም ቀዳሚ ያደረጋትም በየሆስፒታሉ ከቤተሰብ ጋር በስርዓቱ ሚነጋገር የሰለጠነ ሰው መኖሩ እንደሆነ ባለሙያዎቿ ይናገራሉ።

በህይወት እያላችሁ ከሆነ የንቅለ ተከላ ማእከል ደውላችሁ ሰጪ ልሁን በሉ። መጀመሪያ የደም አይነት፣ ግፊት፣ ስኳርና ሽንት ይታያል፣ ከዛ ሲቲ ስካን፣ የልብ ምርመራና የስነ ልቦና ቃለ መጠይቅ ይቀጥላል፣ ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ይችላል። ምትወስዱትን መድሃኒት፣ የቤተሰብ የኩላሊትና የስኳር ህመም ታሪክ ፅፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ደግሞ ከታማሚው ውጪ የሆነ፣ እናንተን ብሎ ሚመጣ ሰው ይከተላችሁ።